«ድነሻል» የተባለችው ነርስ ለምን ትደክማለች?

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



በዚህ ወር የምናነሣው ጉዳይ በየቤታችን ያለ፣ ግን ስም ሳይወጣለት የቆየ ነገር ነው። በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በነጆም ሆነ በደምቢ ዶሎ፣ በሻምቡም ሆነ በመንዲ፣ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ውስጥ የሚሠራ ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። አንዱ ነርስ እህት አለችው፤ ሌላው የላብራቶሪ ባለሙያ ወንድም፣ ካርድ ክፍል የሚሠራ አጎት ወይም የጽዳት ሠራተኛ አክስት አለው። ከእነዚህ ወገኖች መካከል በኮሮና ዘመን ታመው፣ «ድናችኋል» ተብለው፣ ከዚያ በኋላ ግን እንደ ድሮው መሆን ያቃታቸው አሉ።

ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ታማሚዎች ናቸው ወይስ ጤነኞች? መልሱን ስላላወቅን ብዙ ጊዜ የምንሰጣቸው ስም «ሰነፍ» የሚል ሆኗል። ይህ ስም ደግሞ ሐቅን መብላት ነው።

በወረቀት ድኖ በሰውነት አለመዳን

ለምሳሌ ያህል አንዲት ነርስ በ2013 ዓ.ም. በኮሮና ተያዘች እንበል። ትኩሳቱና ሳሉ ለአሥር ቀን ያህል አሠቃያት፤ ከዚያም ተሻላት። ምርመራው «ቫይረሱ የለም» አለ። ቤተሰብ አልሐምዱሊላህ አለ። እርሷም ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከሳምንታት በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የሆስፒታሉን ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል፤ ትንፋሽ ያጥራታል። ሌሊት ዱቲ አድራ ብትገባ በማግስቱ ከአልጋ መነሣት ይሳናታል። እንቅልፍ ብትተኛም ያልተኛች ያህል ደክማ ትነቃለች። የበሽተኛ ስም አንብባ ዞር ስትል ይጠፋባታል፤ የመድኃኒት መጠን አስልታ እንደገና ካላሰላች አታምንም። ራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የሽታና የጣዕም መጥፋት ይመላለሱባታል። በአፋን ኦሮሞ ደዸቢ የምንለው ድካም ነው፤ ነገር ግን የሥራ ድካም እንዳይደለ እርሷ ታውቀዋለች። የሥራ ድካም በእንቅልፍ ይወጣል፤ ይህ አይወጣም።

ልብ በሉ። «ቫይረሱ የለም» የሚለው ወረቀት የሚናገረው ከአፍንጫዋና ከጉሮሮዋ በተወሰደው ናሙና ውስጥ ቫይረሱ እንዳልተገኘ ብቻ ነው። ልቧ፣ ሳንባዋ፣ ነርቯና ጡንቻዋ እንደነበሩ ተመልሰዋል የሚል ቃል በዚያ ወረቀት ላይ የለም። እሳቱ መጥፋቱና ቤቱ መጠገኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ወረርሽኙ ወለጋ ሲደርስ

የኮሮና በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጊዜ በምዕራብ ወለጋና በቄለም ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ተቋርጦ ነበር፤ በምሥራቅ ወለጋም ስልክ በትላልቅ ከተሞች ብቻ ሲሠራ ኢንተርኔቱ ተዘግቶ ነበር። አገልግሎቱ የተመለሰው መጋቢት 22 ቀን ነው። ስለዚህ ሌላው ሕዝብ ስለ እጅ መታጠብና ስለ ርቀት በስልኩ ሲሰማ፣ ብዙው የወለጋ ገጠርና የወረዳ ከተማ ወሬው የደረሰው ዘግይቶ ነበር። ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በነቀምቴ፣ በወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል የሕክምና ማዕከል ተከፍቶ ከዙሪያው የሚመጡ ሕሙማንን ተቀብሏል።

እኛ በየቤታችን በተቀመጥንበት፣ የጀማዓ ሶላት በተቋረጠበት፣ የ2012ን ዒድ አል ፊጥር ግንቦት 16 ቀን ከቤተሰባችን ጋር በግቢያችን በሰገድንበት ወቅት፣ የጤና ሠራተኞች ወደ በሽታው ይሄዱ ነበር። ክትባቱ በአገራችን መሰጠት የጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ማለትም ልክ በዓመቱ፣ ከጤና ሠራተኞች ነው። ያን አንድ ዓመት ያሳለፉት በማስክ፣ በጓንትና በተወኩል ነበር።

በአገራችን በምርመራ የተረጋገጠው የታማሚ ቁጥር ከ500 ሺሕ በላይ፣ የሟቹም ከ7,500 በላይ ነው። ሳይመረመር የታመመው በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 2020 እስከ ግንቦት 2021 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ዙሪያ ከ80 ሺሕ እስከ 180 ሺሕ የሚደርሱ የጤና ሠራተኞች በዚህ በሽታ ሳይሞቱ እንዳልቀሩ ገምቷል። የሞቱት ተቆጥረዋል፤ ተርፈው የደከሙት ግን በቅጡ አልተቆጠሩም። ድርጅቱ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜው ማብቃቱን ሲያስታውቅ ዓለም ፊቱን አዞረ። ለእነዚህ ሰዎች ግን ነገሩ አላበቃም።

ሐኪሞች ምን ይላሉ?

የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ሁኔታ ትርጉም የሰጠው መስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። በትርጉሙ መሠረት ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ኮሮና ከያዘ በሦስት ወር ውስጥ የሚታይ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆይና በሌላ በሽታ ሊብራራ የማይችል ነው። ዋና ዋና ምልክቶቹም ድካም፣ የትንፋሽ ማጠርና የማስታወስና የማሰብ ችግር ናቸው። በድርጅቱ ግምት ኮሮና ከያዛቸው 100 ሰዎች 6 ያህሉ ላይ ይህ ይደርሳል። ከእነዚህም አብዛኞቹ በወራት ውስጥ እየተሻላቸው ይሄዳል፤ ከ100 ወደ 15 የሚሆኑት ግን ከዓመት በኋላም ምልክቱ አይለቃቸውም። ሴቶች ላይ ይበዛል። ክትባት የወሰደ ሰው ዕድሉ ይቀንስለታል፤ በተደጋጋሚ የተያዘ ሰው ደግሞ አደጋው ይደራረብበታል። የጤና ሠራተኛን ከሌላው የሚለየው ይኸው ነው፦ በሽተኛ በመጣ ቁጥር ይጋለጣል፤ ደክሞም ዱቲ ይገባል።

መንስኤው አንድ ብቻ አይመስልም። የቫይረሱ ቅሪት በሰውነት ውስጥ መቆየቱ፣ የሰውነት መከላከያ ኃይል ራሱን መልሶ ማጥቃቱ፣ በደም ሥሮች ላይ የሚደርስ ጉዳት፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን የሚቆጣጠሩ ነርቮች መዛባታቸው ተመራማሪዎች ከሚያጠኗቸው መካከል ናቸው። በሽታውን ነቅሎ የሚያወጣ አንድ መድኃኒት ግን እስካሁን አልተገኘም።

ደግሞም ነገሩ በኮሮና የተጀመረ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በድሬዳዋ የተከሰተው ቺኩንጉንያ ትኩሳቱ ከሄደ በኋላ የመገጣጠሚያ ሕመሙ ለወራት ሊቆይ የሚችል በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሳርስ የተባለው የኮሮና ዘመድ በሽታ 8,096 ሰዎችን ሲይዝ ከእነዚህ 1,707ቱ የጤና ሠራተኞች ነበሩ። በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ፣ ከሳርስ ድነው ለረጅም ጊዜ ወደ ሥራቸው መመለስ ያቃታቸው 22 ሰዎች፣ ከእነዚህም አብዛኞቹ የጤና ሠራተኞች፣ ተጠንተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። የተገኘባቸው የማይለቅ ድካም፣ የጡንቻ ሕመምና የማያሳርፍ እንቅልፍ ነበር።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የለንደኑ ሮያል ፍሪ ሆስፒታል ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1955 ተላላፊ ነው ተብሎ የተገመተ፣ ምንነቱ ግን ያልታወቀ በሽታ በሆስፒታሉ ተነሣ። እስከ ኅዳር ድረስ 292 ሠራተኞች ታመሙ፤ አስቀድመው ሆስፒታሉ ውስጥ ተኝተው ከነበሩት በሽተኞች የተያዙት ግን 12 ብቻ ነበሩ። ሆስፒታሉ እስከ መዘጋት ደረሰ። ከታመሙት አንዳንዶቹ ድካሙ ለዓመታት አልለቃቸውም። ታዲያ በ1970 ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች የድሮ መዝገቦችን አገላብጠው፣ ከታመሙት ብዙዎቹ ሴቶች መሆናቸውን እንደ አንድ ማስረጃ ቆጥረው፣ «ይህ ሂስቴሪያ ነው» ብለው ጻፉ። በሽተኞቹን ጠርተው አልመረመሩም። ያ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ድካም ያለባቸውን ሰዎች ለብዙ ዓመታት ተከትሏቸዋል። ሐኪምና ነርስ እንኳ በገዛ ሆስፒታላቸው ካልታመኑ፣ በየወረዳው ያለች አንዲት ነርስ ማን ያምናታል?

ከቤተሰብ የሚወጣ ቃል

በእኛ ዘንድ ደግሞ ሦስት ዓይነት ቃል ይሰማል። አንደኛው «ሰንፋለች፣ ሥራ ጠልታለች» የሚል ነው። ሁለተኛው «ዐይን ነው፣ ሲሕር ነው፣ ጂን ነው» የሚል ነው። ሦስተኛው «ኢማኗ ደክሞ ነው፤ ቁርኣን ብትቀራ ይለቃት ነበር» የሚል ነው።

ሩቅያ በሸሪዓው መንገድ የተፈቀደ ነው፤ ቁርኣንም ሺፋ ነው፤ በዚህ ክርክር የለንም። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን ያዘዙ ነቢይ ናቸው። ሩቅያው ሐኪም ቤት መሄድን ከከለከለ፣ ወይም ገንዘብ ለሚሰበስብ ጠንቋይ በር ከከፈተ፣ መንገዱን ስቷል። የኢማኑን ነገር በተመለከተ ነቢዩላህ አዩብ (ዐ.ሰ) ለረጅም ዘመን መታመማቸውን የማያውቅ ሙስሊም የለም። ኢማናቸው ደክሞ ነበር የሚል ግን ማን አለ? ስለዚህ በታማሚ ላይ ሕመሙ ሳያንስ የኢማን ጥርጣሬ መጨመር ከእኛ አይጠበቅም።

ሕሙምም ጤነኛም ያልሆነ ሰው

በዐረብኛ «ናቂህ» የሚባል ቃል አለ። ከሕመሙ የተነሣ፣ ነገር ግን ኃይሉ ገና ያልተመለሰለት ሰው ማለት ነው። ኡሙ ሙንዚር (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ ስለዚህ ያስተምረናል። ዐሊይ (ረ.ዐ) ከሕመም ተነሥቶ ሳለ ከተሰቀለ የተምር ዘለላ ሊበላ ሲል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ናቂህ መሆኑን ነግረው ከለከሉት። በኋላ ግን ከገብስና ከቅጠላ ቅጠል የተሠራ ምግብ ሲቀርብ ከዚህ ብላ አሉት፤ ለእርሱ የሚስማማው ይህ ነበርና። ዐሊይ ማን እንደሆነ አስቡ፤ ጀግና ነው፤ ወጣት ነው። ያም ሆኖ «ተነሥተሃል፣ እንግዲህ እንደ ሌላው ሁን» አልተባለም። የሙስሊም ሐኪሞችም ይህን ተከትለዋል፤ ኢብን ሲና በአል ቃኑን መጽሐፉ ስለ ናቂሆች አያያዝ ለይቶ ጽፏል።

ይህ ሐሳብ ለእኛ ለወለጋ ሰዎችም እንግዳ አይደለም። አራስ ቤት ውስጥ ስትሆን ምን እናደርጋለን? በሽተኛ አንላትም፤ ጤነኛ ነሽ ብለንም ውኃ ቅጅ አንላትም። ገንፎ በቅቤ ይሠራላታል፤ ጎረቤት ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል እየመጣ ይጠይቃታል፤ ሌላው ልብስ ያጥብላታል። ተኝታ ብትውል «ሰነፍ» የሚላት የለም። ሰውነቷ ትልቅ ነገር ተሸክሞ እንደወጣና ለመመለስ ጊዜ እንደሚፈልግ ሁሉም ያውቃል። እንግዲህ ለአራስ የምናውቀውን ይህን ቦታ በወረርሽኙ ጊዜ ሕዝብ ተሸክማ ለወጣች ነርስ መስጠት ለምን አቃተን? የአራስ አርባ ቀን በቁጥር የታወቀ ነው፤ የናቂህ ቀን ግን በቁጥር አይታወቅም። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው።

ሶላትና ጾም

ብዙ ታማሚዎች የሚጨነቁት በዒባዳቸው ነው። ዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ) የተባለው ሰሓባ ለረጅም ዓመታት ታማሚ ነበር። ስለ ሶላቱ ሲጠይቅ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቆሞ እንዲሰግድ፣ ካልቻለ ተቀምጦ፣ ያንንም ካልቻለ በጎኑ ሆኖ እንዲሰግድ ነገሩት። ስለዚህ ሲቆም ልቡ የሚመታና የሚያዞረው ወጣት በወንበር ላይ ተቀምጦ ሲሰግድ ብታዩት፣ «ይህን የሚያህል ጎረምሳ!» ብላችሁ በዐይናችሁ አትገሥጹት። ዑዝሩን አላህ ያውቀዋል።

በጾም ጉዳይም በሱረቱል በቀራ ለታማሚ የተሰጠው ፈቃድ ግልጽ ነው። ይድናል ተብሎ ተስፋ የሚደረግለት ሰው ሲሻለው ቀዷ ያወጣል፤ የመዳን ተስፋ የሌለው ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሚስኪን ያበላል። ከዚህ ሕመም አብዛኛው ሰው ስለሚሻለው ለፊድያ ከመቸኮል በፊት ሐኪምንም ዓሊምንም መጠየቅ ያስፈልጋል። ሲቆሙ ራሳቸውን ለሚያዞራቸውና ልባቸው በኃይል ለሚመታባቸው ሰዎች የውኃ ጥም ሕመሙን ሊያባብስ እንደሚችል ማወቅ ተገቢ ነው። ሩኽሷ ከአላህ የተሰጠ ስጦታ ነው፤ ስጦታን መቀበል ውርደት አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ መመርመር ነው። በአካባቢያችን ድካም የሚያመጣ ብዙ በሽታ አለ። ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ የደም ማነስ፣ ስኳር፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ የልብ ሕመም፣ ድብርት ሁሉም ሰውን ያደክማሉ፤ ሁሉም ሕክምና አላቸው። «ኮሮና የተወብኝ ነው» ብሎ ሳንባ ነቀርሳን ይዞ መቀመጥ ራስንም ቤተሰብንም መጉዳት ነው። ይህን የሚሳሳቱት ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ራሳቸው የጤና ሠራተኞች ናቸው፤ ሌላውን ሲመረምሩ ውለው ራሳቸውን አይመረምሩም።

ሁለተኛ፣ በዘፈቀደ መድኃኒት አለመውሰድ ነው። ድካም በተሰማ ቁጥር ግሉኮስ ማስተከል፣ ያለ ትእዛዝ ስቴሮይድ መዋጥ ልማድ መሆን የለበትም። በሳርስ ጊዜ ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ ከተሰጣቸው መካከል የዳሌ አጥንታቸው ተጎድቶ የቀሩ የጤና ሠራተኞች ነበሩ።

ሦስተኛ፣ ኃይልን በልክ ማውጣት ነው። በዚህ ሕመም ብዙ የሠራ ሰው ቅጣቱ በዚያው ሰዓት አይመጣም፤ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ይጥለዋል። ስለዚህ ሥራን መከፋፈል፣ ሳይደክሙ ማረፍ፣ ቀስ በቀስ መጨመር ይበጃል። «ውጣና ሩጥ፣ ላብ ሲወጣህ ይለቅሃል» የሚለው ምክር እንዲህ ላለው ሰው ጎጂ ነው። በቤት ውስጥም ልብስ ማጠብና እንጀራ መጋገር በአንድ ቀን እንዳይገጥሙባት ባልና ልጆች ይርዱ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ሥራ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግራናለች።

አራተኛ፣ በሥራ ቦታ መናገር ነው። ብዙዎች «ሥራዬን አጣለሁ» ብለው ይደብቃሉ። መድኃኒት የሚሰጥ እጅ ሲደክም ግን አደጋው ለበሽተኛውም ነው። አለቆች ለጊዜው ሌሊት ዱቲን ቢቀንሱ፣ ወይም ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ቢሰጡ፣ የሠለጠነ ሰው ከማጣት ይድናሉ። መብትም አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር፣ ለምሳሌ የግል ክሊኒክ ሠራተኛ፣ በዓመት እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል፦ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩትን ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ይኸው ሕግ ወረርሽኝ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ሆኖ እንዳይቆጠር ሲደነግግ፣ ሥራቸው ያንን በሽታ መከላከል ብቻ የሆነ ሠራተኞችን ግን ለይቶ አውጥቷል። በኮሮና ሕክምና ማዕከል ተመድቦ የሠራ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ በራሱ አዋጅ የሕመም ፈቃድ መብት አለው። ለሁሉም ግን የተጻፈ ማስረጃ ያስፈልጋልና መቼ እንደታመማችሁ፣ መቼ እንደተመረመራችሁ፣ የት ክፍል ትሠሩ እንደነበር ወረቀቱን ሰብስባችሁ አስቀምጡ።

አምስተኛ፣ መጠየቅ ነው። ታማሚን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ ነው፤ ክርስቲያን ጎረቤትም የጉርብትና ሐቅ አለው። በኮሮና ጊዜ እነርሱ ወደ እኛ መጥተዋል። ወጣቶች ሆይ፣ በጀማዓችሁ ውስጥ ቡድን አበጅታችሁ እንዲህ ያሉ ወገኖችን ቤት ብታንኳኩ፣ ገበያ ብትሄዱላቸው፣ ልጆቻቸውን ብታስጠኑላቸው፣ ትልቅ ሰደቃ ነው።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሩፈይዳ አል አስለሚያ (ረ.ዐ) የተባለች ሴት ቁስለኞችን የምታክምበት ድንኳን ነበራት። በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰለው ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ) የተወሰደው ወደ እርሷ ድንኳን ነበር፤ ድንኳኑም በነቢዩ መስጂድ ውስጥ ነበር። የሚያክሙ እጆች በዲናችን የነበራቸውን ቦታ ከዚህ እንረዳለን። ዛሬ ደግሞ ያከሙን እጆች ሲደክሙ ቦታ የምንሰጠው እኛ ነን። «ደክሞኛል» ስትለን «እናውቃለን፣ እረፊ» የሚል መልስ ገንዘብ አይጠይቅም።

ያ አላህ! ለታመሙት ሁሉ ሺፋን ስጥ። በሰው ሕይወት የደከሙትን ኃይላቸውን መልስላቸው። የሞቱትን ማርልን፤ እኛንም የሰው ሕመም የሚገባን አድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።